አባቴ የጻፉልኝ የሥራ ልምድ

ፊጂ፣ ሳቩሳቩ ላሉት ለተከበሩ አባቴ ለኢኖኬ ይድረስ፤

አባቴ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያምዎት ቀኝ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የእናቴ ሳልስ ለቀቃት? ጎደሬው፣ ዓሣው፣ የሚጠግኗቸው የጀልባ ሞተሮች ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሦስት ወር ያልደወልኩት ታምሜ ሳይሆን አኩርፌ እንደሆነ መቼም አይጠፋዎትም። አሁን ኩርፊያው ለቆኛል፤ ምክንያቱን ላጫውትዎ።

እዚህ አገር በሥራ በኩል ቋሚ ነዋሪ ለመሆን መጀመሪያ አሠሪው "ይህ ሰው ያስፈልገኛል" ብሎ መፈረም አለበት። የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ወይዘሮ ግሌኒስ ሳያንገራግሩ ፈረሙ። እኔም ከፖሊስ ወንጀል እንደሌለብኝ፣ ከሐኪም ጤነኛ እንደሆንኩ የሚመሰክር ወረቀት አመጣሁ። ሐኪሙ ሆዴን ነካ ነካ አድርጎ የስንት ሰው ምሳ እንደምበላ ጠየቀኝ። ቀጥሎ የእንግሊዝኛ ፈተና መጣ። ፈታኟ ወደፊት የት መኖር እንደምፈልግ ብትጠይቀኝ፣ "እሱንማ እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ" አልኳት። ሳቀች፤ አለፍኩም።

የቀረው በሙያዬ ሦስት ዓመት መሥራቴን የሚያስረዳ የሥራ ልምድ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ገና ዓመቴ ስለሆነ ተስፋዬ የእርስዎ ወረቀት ብቻ ነበር። ወረቀቱ ደረሰኝና ከፈትኩት። "አፔኒሳ ልጄ አምስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ግን አልቆጥራቸውም፤ መፍቻ ታቅፎ ጥላ ሥር ሲተኛ ነው የከረመው። በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ የፓስተሩን ሞተር ገጥሞ ሲጨርስ ሁለት ብሎን ተረፈው" ይላል።

ደሜ ፈላ። ደውዬ እንዲያስተካክሉት ብለምንዎት፣ "የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ ለቪዛ ብዬ አልዋሽም" አሉኝ። ደህና ይዋሉ ሳልል ስልኩን ዘጋሁብዎት። ይቅር ይበሉኝ።

ሌላ ወረቀት ስላልነበረኝ ያንኑ ቱየት ለምትባለው የቪዛ ጉዳይ አስፈጻሚዬ ሰጠኋት። በፊጂኛ ስለተጻፈ አስተርጓሚ ዘንድ ላከችው። ከሳምንት በኋላ የሸንኮራ አገዳ ማጨጃ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ስሠራ ደወለች።

"አባትህን ምን በድለሃቸው ነው?" አለች።

"ለመሆኑ ጀርባውን አንብበኸዋል?"

የምን ጀርባ ብዬ ጠየቅኳት። ለካ በንዴቴ ወረቀቱን ገልብጬ አላየሁትም። ታነብልኝ ጀመር። "ብሎኑ መትረፉን ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ማንም ሳያዘው ሞተሩን እንደገና ፈትቶ ገጠመው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ባለሙያ ሆኖ ሠርቷል። አሁን ከእኔ ይበልጣል። ይህን እሱ እንዳይሰማ።"

ስልኩን ዘግቼ እዚያው ተጋድሜ ቀረሁ። ወይዘሮ ግሌኒስ ማሽኑ የወደቀብኝ መስሏቸው ሁለት እግሬን ይዘው ጎትተው አወጡኝ። ፊቴን አይተው የት እንደተመታሁ ጠየቁኝ፤ ዘይት ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ መልሱን ይዤ ልጽፍልዎ ብዬ ስጠብቅ፣ ባለፈው ማክሰኞ ቪዛው ተፈቀደ። የኢሚግሬሽን ሰዎች ሦስቱንም ዓመታት አንድ ቀን ሳያጎድሉ ቆጠሩልኝ። አባቴ፣ እንዳልሰማ ፈልገዋልና እንዳልሰማሁ ይቁጠሩልኝ፤ እኔ ግን ወረቀቱን ኮፒ አስደርጌ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ።

ለገና እመጣለሁ። አክስቴን ቫሲቲን ይሳሙልኝ። እህቴን መሬዎኒን የጠየቀችኝን ጫማ ገዝቻለሁ ይበሏት። የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ። መቼ ነው የምታገባው ላለችኝም፣ መንግሥትም በቅጹ ላይ ያንኑ ጠይቆኝ "ገና ነው" ብዬ ፈርሜያለሁ ይበሏት።

ልጅዎ አፔኒሳ
ኢንግሃም፣ ኩዊንስላንድ
ኦገስት 9 ቀን 2023