አንብቤ ዝም ያልኩት ወረቀት

ለደምሴ፣ ለልጄ አባት፤

ቆላ ወርደህ ከቀረህ ዘንድሮ ዘጠኝ ክረምት ሞላ። በሰው ፊት «አንቱ»፣ እቤት ስንገባ «አንተ» እያልኩህ ነበር የኖርነው። ይህን ደብዳቤ ሰው ሊያነበው ይችላል። ያንብበው። አንተ ነው የምልህ።

አዎ፣ ደብዳቤ ነው፤ ማንም አልጻፈልኝም፣ በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም። እዚያ እስክደርስ ታገሠኝ፤ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ።

የሣር ክዳኑ ወርዶ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። በረዶ ሲወርድበት አጠገብህ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማህም። አንተ ብትኖር «ይኼ ቤት ነው ወይስ ነጋሪት?» ትል ነበር። ትርንጎ መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ልትወስድ ትመጣለች። ቁመቷ የአንተ ነው፣ ስትቆጣም አንተን ነው። መሬቱን ለክተው ደብተር ሰጥተውናል። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ቦታ አለው። የእኔ ተለጥፏል። አንተ ፎቶግራፍ ተነሥተህ አታውቅም፤ ቦታህ ባዶ ነው። ጸሐፊው መስመር ሊያሰምርበት ሲል እጁን ያዝኩት። «ተወው፤ ባዶም ቢሆን የእሱ ነው» አልኩት። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ጸሐፊው ግን ተወው።

አየህ፣ ድሮ ዝም የምትለው አስካለ የሰው እጅ መያዝ ጀምራለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ዘጠኝ ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬአቸው ስግደት ሰጡኝ፤ ጉልበቴ እስኪያብጥ ሰገድኩ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ፈትቶኝ ይሆናል። ያልነገርኩት ለአንተ ነው።

ደምሴ፣ እኔ ማንበብ እችል ነበር።

ያ የመሠረተ ትምህርት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሦስት ቀን ሄደህ በአራተኛው «እርሻ ደረሰብኝ» ብለህ ቀረህ። ወንዶቹ በየጠላው ቤት ስለሳቁብህ የፊደል መጽሐፏን ቆጥ ላይ ወረወርካት። የሦስቱ ቀን ትምህርት ግን ከአፍህ አልጠፋም። በሬዎቹን እየነዳህ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ» እያልክ ታዜም ነበር፤ «ሆ» የምትለው የትልሙ ጫፍ ደርሰህ ስትዞር ነው። ከዚያ «ለ ሉ ሊ» እያልክ ትመለሳለህ። እኔ ምሳህን ይዤ ድንበሩ ላይ ተቀምጬ እሰማሃለሁ። አንድ ቀን መጽሐፏን ከቆጥ አወረድኳት። የበግ ጠጉር ስፈትል ጭኔ ላይ እዘረጋትና አንተ ከማሳው ስታዜም በዓይኔ እከተልሃለሁ። አንተ አራት መስመር ብቻ ነበር የምታውቀው። የቀረውን ከገበያ ከገዛሁት የማርያም ሥዕል ጀርባ አገኘሁት፤ አባታችን ሆይ ታትሞበታል። ጸሎቱን በቃሌ ስለማውቀው ቃሉን ከፊደሉ ጋር አንድ በአንድ ገጣጠምኩት። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ለአንተ አልነገርኩህም። አንተ የተውከውን እኔ ጨረስኩት ብል የሚከፋህ መስሎኝ ነበር። ደግሞም ፈራሁ። «ሚስቱ ታነብለታለች» ሲሉህ መስማት አልፈለግሁም።

ከዚያ ማዳበሪያ በዱቤ የወሰድንበት ቀን መጣ። በገበሬ ማኅበሩ ግቢ ሰባት አባወራ ከነሚስቶቻችን ተሰለፍን። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ «የየራሳችሁን ነው የምትከፍሉት፣ ቶሎ ቶሎ በሉ፣ መኪናው ይሄዳል!» ይል ነበር። አንተ አሻራህን አደረግህ። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱ ከዓይኔ ሥር ነበር። እኔ የማነበው ቀስ ብዬ፣ እየተንተባተብኩ ነው፤ ሰውዬው አውራ ጣቴን ይዞ ቀለሙ ውስጥ ሲነክረው ዓይኔ አንድ መስመር ጨረሰ። «ከቡድኑ አባላት አንዱ መክፈል ቢያቅተው ሌሎቹ ዕዳውን ሊከፍሉ ተስማምተዋል» ይላል። ጣቴ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ዝም አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጣቴን በሣር ስፈትግ አየኸኝ። «ቆዳው እስኪላጥ ምን ያስፈትግሻል?» አልከኝ። «ቀለሙ አስጠላኝ» አልኩህ።

በዚያ ዓመት በረዶ ገብሱን ከአገዳው ጋር መሬት አስተኛው። አንተ በጎቹን ሸጠህ የራስህን ከፈልክ። ከሰባቱ ሦስቱ አቃታቸው፤ አንዱማ ሌሊቱን አገር ለቆ ሄደ። አበዳሪዎቹ የቀረውን ዕዳ ፍለጋ እኛ ደጅ መጡ። «እኔ የራሴን ጨርሻለሁ!» ብለህ ጮኽህ። ሰውዬው ወረቀቱን አውጥቶ «አሻራህ ይኸውልህ» አለህ። ያኔ ወደ እኔ ዞርክ። «አስካለ፣ እንዲህ ብለውን ነበር እንዴ?» አልከኝ።

«አልሰማሁም» አልኩህ።

አልዋሸሁም፤ እንዲህ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። አንብቤ ነበር እንጂ አልሰማሁም። ይህን መልሴን ዘጠኝ ዓመት አንገቴ ላይ ይዤው ኖሬአለሁ።

ከሁለቱ በሬዎቻችን ዳልቻን ከበረት አውጥተው ነዱት። ቦራ ብቻውን ቀርቶ ሲያገሳ ሰነበተ። ባለ አንድ በሬ ስትሆን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገባህ፤ የእሱ ማሳ እስኪታረስ የእኛ መሬት ደረቀ። «ቆላ ወርጄ ለአረም ልቀጠርና በሬ ይዤ እመለሳለሁ» አልክ። አብሮህ የወረደው ሰው የፈተልኩልህን ባና፣ የብርድ ልብስህን፣ ይዞልኝ ተመለሰ። ወባ ነው አለኝ። የሰው አገር ቤተ ክርስቲያን አስቀብረንሃል አለኝ። መቃብርህን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ይህን የጻፍኩልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ባለፈው ወር የሆነውን ልነግርህ ነው።

አሁን ለሴቶችም ብድር አለ። ሬዲዮው ድሃው ወደ ባንክ መግባቱን፣ ገጠሩ ማደጉን ጠዋት ማታ ያወራል። ውሸት ነው አልልህም፤ ቆርቆሮው ያለ ቁጠባ አልመጣም። ከማኅበራችን አምስት ሴቶች ቡድን መሠረትን፤ በግ ገዝተን አደልበን ለፋሲካ ልንሸጥ ነው። ከአምስቱ አንዷ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት፣ ያለ ልጅ የቀሩት። ዘነቡም አለችበት፤ ምላሷን ታውቀዋለህ።

መሐል ሜዳ የብድር ቢሮው ደረስን። ወረፋው እስከ በሩ ነበር። ባለሙያው ወረቀቱን ዘርግቶ የአሻራውን ቀለም ከፈተና «ለሥራ ማስኬጃ ነው፣ ጣታችሁን አምጡ» አለ።

ቀለሙ ያው ነው። ያው ሰማያዊ ነው፣ ሽታውም ያው ነው።

«ወረቀቱን ስጠኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ላነበው።»

ዘነቡ ክንዴን ጎነጠችኝ። «አስካለ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማንበብ?» ከኋላ አንድ ሰው «ይቺ ማንበብ ከጀመረች እኛ እዚሁ ማደራችን ነው!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለሙያው «እታለም፣ ወረፋ አለ እኮ። ካልሆነ ለሌላ ቡድን እሰጠዋለሁ» አለኝ።

«ስጥ። እስክትሰጥ ግን አነበዋለሁ» አልኩት።

ጮክ ብዬ አነበብኩ። እንደ ሕፃን እየጎተትኩ፣ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እያልኩ። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ አገኘሁት፤ አንዷ ቢያቅታት ሌሎቹ ይከፍላሉ ይላል። ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው ነጥብ አነበብኩት።

ሳቁ ቆመ። ባለሙያው «ይኼ እኮ የታወቀ ነው» አለ።

«ለማን ነው የታወቀው?» አልኩት። «እኔ በሬዬ ከበረት ሲወጣ ነው ያወቅሁት። ከበሬው ኋላ ባሌ ወጣ።»

ወደ ወረፋው አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የቸኮለ ሰው ነው። የማዳበሪያውም ሰውዬ የቸኮለ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ያላሰብኩት ነገር መጣ። እትዬ ብርቄ ዱላቸውን አነሡ። «እንግዲህ ልጆቼ፣ እኔ ልውጣላችሁ» አሉ። «አሮጊት ነኝ። በጌ ብትሞት ከየት አምጥቼ? በእኔ የተነሣ የእናንተ ደጅ አይደፈር።» ዘነቡ መሬት መሬት አየች። ሌሎቹም መንገድ ለቀቁላቸው። ለአንተ አልደብቅም፣ ለአንድ አፍታ እኔም «ቢወጡ ይሻላል» ብዬ አሰብኩ። ያኔ ደነገጥኩ። ዝም ብዬ አንተን ጣልኩ፤ አሁን ደግሞ አንብቤ ደካማዋን ልጥል ነው? ለዚህ ነው እንዴ ፊደል የተማርኩት?

በሩ ላይ ቆምኩባቸው። «እትዬ ብርቄ ከወጡ የእኔም ስም ይሰረዝ» አልኩ።

ዘነቡ ብድግ አለች። «እና ሲያቅታቸው ከእኔ በረት ልትነዱ ነዋ!»

«ከአንቺም፣ ከእኔም በረት። እኔም ሲያቅተኝ ከአንቺ። አንቺም ሲያቅትሽ ከእኔና ከእሳቸው። ልዩነቱ ዛሬ እያወቅሽው መሆኑ ነው። የማትፈልጊ ከሆነ አሁኑኑ በዚህ በር ውጪ፤ ማንም አይቀየምሽም። እኔ ያን ዕድል አንድ ሰው ከልክዬዋለሁ።»

ዘነቡ ወደ በሩ አየች፣ ወደ እትዬ ብርቄ አየች። ከዚያ ነጠላዋን አጠበቀችና «እንግዲያው በጓን የምመርጥልዎት እኔ ነኝ» አለቻቸው። «እርስዎ መልኳን እያዩ ነው የሚገዙት።»

እትዬ ብርቄ ዱላቸውን መልሰው አስቀመጡት። «እውነትሽን ነው። ባሌንም መልኩን አይቼ ነው ያገባሁት፤ ሦስት ዓመት አልቆየልኝም» አሉ። ወረፋው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ባለሙያውም አብሮ ሳቀ።

እዚያው ተነጋገርን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየበረታችን እየዞርን በጎቹን እናያለን። የታመመች ካለች ሳትሞት እንነጋገራለን፤ ደብቆ መቆየት የለም። ይህ በወረቀቱ ላይ የለም፤ እኛ የጨመርነው ነው።

ባለሙያው ቀለሙን ገፋ አደረገልኝ። «እስክሪብቶ» አልኩት። «ፎርሙ አሻራ ነው የሚለው» አለ። «አንብቤዋለሁ፣ ፊርማ ወይም አሻራ ነው የሚለው» አልኩት። እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «አስካለ» ብዬ ጻፍኩ። «ካ» እግሯ ተንጋደደ። ግድ የለኝም፤ የእኔ ናት። «አንዱ ቅጂ ከእኛ ዘንድ ይሁን» አልኩ። አንገራገረ፣ ግን ሰጠኝ። ሣጥኑ ውስጥ፣ በባናህ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

ደምሴ፣ የፈረምኩት ያንኑ ቃል ነው። አንተን ቆላ ያወረደህን ቃል። ብዙ አሰብኩበት። ሰው ለሰው ዋስ መሆኑ ክፉ ነገር አይደለም፤ እኛ ድሆች ሌላ ምን ዋስ አለን? ክፉው ሳያውቁ ዋስ መሆን ነው፣ እያወቁም ዝም ማለት ነው። ድሃው ወደ ባንክ ገባ ሲሉ እሰማለሁ። ከገባ ወረቀቱ ይነበብለት። የሚያነብለት ከጠፋ እኔን ይጥሩኝ። ባለፈው ቅዳሜ የላይኛው መንደር ሴቶች ጠርተውኝ ሄጃለሁ። «አስካለ ብድር ታስቀራለች» የሚሉ አሉ። ይበሉ።

በጎቹ አሁን አምስት በረት ውስጥ ናቸው። የእትዬ ብርቄ ሰሞኑን አስሏት ነበር፤ ዘነቡ ናት ቀድማ የሰማችው፣ ሮጣም መድኃኒት ያመጣችው። እንክሰር እናትርፍ ገና አላውቅም። የበልጉ ዝናብ ሊቀር ይችላል፣ ገበያው ሊወድቅ ይችላል። ብንወድቅ ግን ዓይናችንን ገልጠን ነው።

ከአንተ ይቅርታ የምለምንበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ብትኖር ኖሮ ምን ትለኝ እንደነበር ስገምት ኖሬአለሁ፤ ከእንግዲህ አልገምትም። የሠራሁትን ነገርኩህ፣ ልሠራ የያዝኩትንም ነገርኩህ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እትዬ ብርቄ «እኔም ስሜን እጽፋለሁ» ብለው ተነሥተዋል። ምንጭ ስንወርድ አስተምራቸዋለሁ። እኔ የማውቀው ያንተን ዜማ ብቻ ስለሆነ በእሱ ነው የማስቆጥራቸው። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ» እያሉ ይራመዱና «ሆ» ላይ እንደ አራሽ ይዞራሉ። «ሲዞሩ ነው እንዴ የሚባለው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ፣ እንደዚያ ነው» አልኳቸው። ዘነቡም ጀምራለች። ትርንጎ ቅዳሜ መጥታ ሁለቱን ስታያቸው በሳቅ ሞተች፤ ከዚያ ዜማው የማን እንደሆነ ነገርኳትና እሷም አብራ ዞረች።

እኔ እስካለሁ በዚህ አገር ፊደል የሚቆጠረው በአንተ ትልም ነው።

አስካለ
በራሴ እጅ