ሴሎቹን የገደላቸው

ጥቅምት 6
ዛሬም ቤተ ሙከራ ሴሎቹን መመገብ፣ በሳህኑ ትንንሽ ጉድጓዶች ማከፋፈል። የደም ካንሰር ሴሎች ናቸው፤ ግትሮች። አንድ መድኃኒት ብቻውን አይበግራቸውም፣ ስለዚህ ሁለት ሁለቱን እያጣመርን እንሞክራለን። አብሮኝ የሚሠራው «ቀስበቀስ» (ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ) አንዷን ጠብታ እስኪያንጠባጥብ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ።

ጥቅምት 9
ሞቱ! ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው የገቡበት ጉድጓድ ሁሉ… አንድም የተረፈ የለም። ለየብቻ የገቡበት ግን ሴሎቹ ደህና ናቸው።
ቀስበቀስ፣ «እስቲ እንድገመው።»
ምቀኛ! አላስቻለኝም፣ ለአክስቴ ደወልኩ። ባሏ፣ ያሳደገኝ አጎቴ፣ የያዘው ይኸው በሽታ ነው።
«እትዬ፣ ተገኘ!»
«አፈር ስሆን! እውነትሽን ነው?»
እውነቴን ነው አልኩ።

ጥቅምት 12
ደገምነው። ቀስበቀስ አንድ ረድፍ ጨመረ፦ መድኃኒት የሌለበት፣ መድኃኒቱ የሚሟሟበት ፈሳሽ ብቻ፣ ግን እጥፍ። እዚያም ሞቱ።
ገባኝ። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱን ማሟሚያ ፈሳሽ ይዞ ይገባል። ሁለቱን ሳጣምር ማሟሚያውም እጥፍ ሆነ። ለየብቻ የገቡበት ጉድጓድ ላይም ፈሳሹን እኩል ማድረግ ነበረብኝ… ጀማሪ ተማሪ የማይስተው! ገዳዩ ፈሳሹ ነው። እኔ ነኝ።
ቀስበቀስ አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይሻል ነበር።
ለአክስቴ ነገ እነግራታለሁ።

ጥቅምት 13
አልደወልኩም።

ጥቅምት 15
ራሷ ደወለች። «አጎትሽ ሰኞ የሚጀምረውን ሕክምና እምቢ አለ። ‹ያ ያንገሸግሸኛል፤ የልጄ መድኃኒት እስኪመጣ ልቆይ› ይላል።»
«እሺ» ብዬ ዘጋሁ። እሺ?! ምን ማለት ነው እሺ? ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ…

ጥቅምት 16
ሄድኩ። ቆሜ ነገርኳቸው።
«ጋሼ፣ መድኃኒት የለም። ተሳስቼ ነው። ልክ ቢሆን እንኳ ሰው ጋ እስኪደርስ ስንት ዓመት…»
አክስቴ ተነስታ ጓዳ ገባች። አልወጣችም።
አጎቴ፣ «ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ እኮ። አሁን የት ልደብቅሽ?»
ሊያስቀኝ ነው። ይባስ አለቀስኩ።
«በይ ተይ። ሰኞ አንቺው ትወስጂኛለሽ።»

ጥቅምት 19
ሆስፒታል ወሰድኩት። አክስቴም መጣች፤ ከእሱ ወዲያ ማዶ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገረችኝም።
ነርሷ ክንዱ ላይ ደም ሥር ስትፈልግ አጎቴ ጀመረ፦ «ልጄ ናት። የዚህን በሽታ መድኃኒት ነው የምትሞክረው።»
አንገቴን ደፋሁ። ምነው ዝም ቢል!
«ጎበዝ! ታዲያ፣ ተገኘ?» አለች ነርሷ።
«ገና ነው» አልኩ።
አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።