ዝሆኑ ላይ ያደረግኩት ምልክት

ሐሙስ፣ ሰኔ 4 ቀን 1979

ዝናብ። ከሰዓት በኋላ ለመሠረተ ትምህርት እናቶች ድምፅ እንዴት እንደሚሰጥ አሳየሁ። ቀበሌው ነው ያዘዘኝ። ሦስት ዕጩዎች፣ ሦስት ምልክቶች... አንበሳ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ። የናሙናውን ወረቀት ሰሌዳው ላይ ለጥፌ "እንዲህ ነው የሚደረገው" እያልኩ ደጋግሜ አሳየኋቸው። አብዛኞቹ ከገርጂ ማዶ የሚያርሱ ናቸው፤ እስክሪብቶ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

አመሻሽ ላይ ጋሽ አብዱልጀባር ሱቅ። የዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልማዴ የውጭውን ሬዲዮ አብሬው ሰማሁ። ስለ ትግራይ ሲያወሩ ወደ እኔ ያስጠጋልኛል። ወንድሜ ተኽላይ ከጠፋ አምስት ዓመቱ... የጋሽ አብዱልጀባር ሚስት እትዬ ሰኪና "ድምፁን ቀንሱት" ይላሉ።

እሁድ፣ ሰኔ 7

ምርጫ። ጸሐፊ ሆኜ ዋልኩ። ሦስቱንም ዕጩዎች ያቀረበው ፓርቲው ነው። እንዲያሸንፍ የተፈለገው ግን ባለአንበሳው ነበር፤ ይሄን የማያውቅ የለም። ሲቆጠር ዝሆኑ በእጥፍ በለጠ። ባለዝሆኑ ማን ነው? አንድ የመጋዘን ሠራተኛ። መልኩን እንኳ የሚያውቀው የለም። የፓርቲው ሰው ጓድ ወልደጊዮርጊስ "እንደገና ቁጠሩ" አለ። ቆጠርን። ያው ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ጠጋ አሉኝ።

"እንዳሳየሽን አደረግን የኔ ልጅ። ሁላችንም ዝሆኑ ላይ። አላጠፋንም አይደል?"

ጀሪካኔ ሞልቶ ሲፈስ ቆሜ አየሁት። ሰሌዳው ላይ ምልክት ያደረግኩት ዝሆኑ ላይ ነው። ሁልጊዜ። መሐል ስለነበረ ብቻ... ለእጄ ስለቀረበኝ። ትእዛዝ መስሏቸው ነው!

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ስብሰባ። ጓድ ወልደጊዮርጊስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። "ይህ ውጤት ከውጭ የተሰጠ መመሪያ ነው። የኢምፔሪያሊዝም እጅ ምርጫችን ውስጥ ገብቷል።" ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሬዲዮውን በየቀኑ እሰማለሁ። ስለ ዝሆን አንድ ቃል አልተናገረም። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ስለ ገርጂ ሴቶች ምን ያውቃል? የውጭ እጅ የተባለው የእኔ እጅ ነው። ተነስቼ ብናገር ይስቁብኝ ነበር... ወይም ያስሩኝ ነበር። አልተነሳሁም።

ሰኔ 10

ቀበሌ ተጠራሁ። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ አልቋል። ባለሱቁ አብዱልጀባር የውጭ ሬዲዮ እያሰማ መራጩን አሳስቷል ይላል። የምስክር ቦታ ክፍት ነው።

"ጎረቤትሽ ነው። መስማቱን ታውቂያለሽ" አለኝ ጓድ ወልደጊዮርጊስ።

"መስማት ይሰማል። ስለ ምርጫው ግን..."

"ወንድምሽ ተኽላይ አሁን የት ነው ያለው?"

እስክሪብቶ አቀበለኝ።

ፈረምኩ። ትበርህ ብዬ። ከነአባቴ ስም።

ሰኔ 11

ጠዋት ወሰዱት። አንዱ አብዮት ጠባቂ ሬዲዮውን ብብቱ ሥር ይዟል። ሱቁ ታሸገ። ከመጋረጃዬ ኋላ ሆኜ አየሁ። እትዬ ሰኪና ጫማውን ይዘው ከኋላ ሲሮጡ... በነጠላ ጫማ ነው የወሰዱት።

ሰኔ 19

እትዬ ሰኪና መጡ። ማመልከቻ እንድጽፍላቸው። ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንን ይጠይቁ? "ባለቤቴ ያለ ጥፋቱ የታሰረብኝ ስለሆነ..." ብዬ ጻፍኩ። በዚያው እጄ። አንብቤላቸው አውራ ጣታቸውን አስነካኋቸው።

"አላህ ያክብርሽ" አሉኝ።

ከሄዱ በኋላ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ እንጃ።

ሐምሌ 9

ዛሬም አልነገርኳቸውም።

እሁድ፣ ነሐሴ 3

ተፈታ። ዘመዶቹ ከደሴ መጥተው ዋስ ሆነውለት። ሱቁ ግን እንደታሸገ ነው፤ ቃለ ጉባኤው እስካለ አይከፈትም ብለውታል።

ልጠይቀው ሄድኩ። ከስቷል። ሻይ ቀረበልኝ።

"ጋሽ አብዱልጀባር... የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

እትዬ ሰኪና ወደ እሱ ዞሩ። እሱ ወደ እኔ።

"አውቃለሁ። ሲመረምሩኝ አንብበውልኛል" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ "አብሮህ የሚሰማው ማን ነው ሲሉኝ ብቻዬን ነኝ አልኳቸው።"

"ስሜን ከማንበባቸው በፊት?"

"ካነበቡልኝ በኋላ።"

እትዬ ሰኪና የሻይ ብርጭቆዬን አነሱ። ግማሹን አልጠጣሁትም ነበር።

ነሐሴ 5

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ሰሌዳው ላይ ያሳየሁት ዝሆኑን እንደሆነ። ሬዲዮውን እኔም እሰማ እንደነበር፣ ስለ ዕጩዎቹ ምንም እንዳላለ። የፈረምኩት ፈርቼ እንደሆነ። ለጓድ ወልደጊዮርጊስ ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበው።

"አሁን ማን አስታወሰው? የውጭ እጅ ነው ተብሎ ወደ በላይ ሪፖርት ተደርጓል።"

"የእኔ እጅ ነው።"

"ታዲያ ባንቺ ላይ ነው የሚመጣው።"

"አውቃለሁ።"

መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቅጂውን ከቀበሌው በላይ እስካለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ድረስ በእግሬ ወስጄ መዝገብ ቤት አስገባሁ። ማኅተም ሲመቱበት ቆሜ ጠበቅኩ። ደፋር ሆኜ አይደለም። ሁለት ወር ዘግይቶ ምን ድፍረት አለ?

ነሐሴ 22

ደብዳቤ ደረሰኝ። ከማስተማር ታግጃለሁ። ስለ ተኽላይም ማክሰኞ ቀርቤ እንዳስረዳ ይላል።

ሱቁ ዛሬ ተከፈተ። በእኔ ወረቀት ይሁን በደሴዎቹ ልመና የነገረኝ የለም። መጠየቅም አፈርኩ። ስኳር ልገዛ ገባሁ። ጋሽ አብዱልጀባር አልነበረም። እትዬ ሰኪና መዘኑልኝ። ቁጭ በይ አላሉኝም።

ልወጣ ስል፣

"ልጆቹ ትምህርታቸውን ረሱ" አሉኝ።

"አሁን እኮ አስተማሪ አይደለሁም፣ እትዬ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። ነገ በሦስት ሰዓት ይመጣሉ።"

እሺ አልኩ። ቀና ብዬ ግን አላየኋቸውም።