የአባዬ ልብ ጠባቂ

ሰኞ

የአባዬን የልብ ኪኒን ጠርሙስ መዳፌ ላይ ብገለብጠው አራት ኪኒን ብቻ ወጣ። ሐሙስ ከሆስፒታል ስንመለስ ሃያ አምስት ነበሩ። ደረትዎን ሲይዝዎት ብቻ፣ አንዲት፣ ከምላስ ሥር፣ ቁጭ ብለው። የተባለው ይኸው ነው። መመሪያውን ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። አንብቤ ስልክ ወደምሸጥበት ሱቅ ሄድሁ።

ይህን ያህል አሟቸው እንደሆን ጠየቅሁ። አላመማቸውም። አባዬ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ። ኪኒኑንም ከዓርብ ጀምረው እንደ ጸሎት በሰባቱ ሰዓት ሲወስዱት ከርመዋል። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ኧረ አባዬ፣ ይሄ እኮ ሲያም ብቻ ነው አልኋቸው።

«ሲያመኝ ብቻ ነው እንዴ የምጸልየው?» አሉ።

ወደ ሱቅ ልሄድ ተነሣሁ። ጫማዬን ሳጠልቅ መቋሚያቸው ወደቀ። ቀና ስል ደረታቸውን ይዘዋል። አንድ ኪኒን። ምንም። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ። ምንም። ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ እኔ ለባለ ባጃጁ መታጠፊያውን አሳያለሁ። አለመፍራቴ አሁን ስጽፈው እንኳ አልገረመኝም።

ማክሰኞ

ሕመሙ ሌሊቱን በመርፌ በረደ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። የልባቸውን ምርመራ አይታ፣ ጡንቻው ብዙም አልተጎዳም አለችኝ። ስለ ሰባቱ ሰዓት ነገርኋት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

እንዲህ አስረዳችኝ። የልብ ጡንቻ ውስጥ አንድ ኢንዛይም አለ። ደም ሲያጥር እዚያው ጡንቻው ውስጥ መርዝ ነገር ይፈጠራል፤ ኢንዛይሙ መርዙን እየሰባበረ ጡንቻውን ይጠብቃል። ኪኒኑንም ለውጦ ሥራ ላይ የሚያውለው እሱ ነው። ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ኪኒን ከተላከበት ግን ይደክማል። ያን ጊዜ ኪኒኑም አይሠራ፣ ልቡም ጠባቂ አይኖረው።

እሺ አልሁ። ከዚህ በፊት እንዲህ እሺ ያልሁት እማዬ መሞቷን በስልክ የነገሩኝ ዕለት ነው። ጅዳ ነበርሁ፣ የሰው ቤት ሳህን ሳጥብ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ሳህኑንም ጨርሼ አጠብሁ። ይኸው አራት ዓመቴ፣ እንደ ደነዘዝሁ ነኝ።

ረቡዕ

አባዬ ጾም ነው ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም አሉ። ሐኪሟ ተቆጣች። እሳቸው መረቋት። ምን ታድርግ።

ከሰዓት በኋላ ቁርጡን ነገርኋቸው፤ ሳያምዎት ኪኒን የለም፣ ሌሊትም ቢሆን የለም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተናደዱ መስሎኝ ነበር።

«እናትሽ ሌሊት ነው የሄደች» አሉኝ። «ለመንፈቀ ሌሊት ጸሎት ስነሣ በርዳ አገኘኋት። አጠገቧ ተኝቼ።»

ለካ ሌሊቱን ፈርተው ኖሯል። እንዴት እንደሞተች አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ሐኪሟ እንዳለችው ልብዎ ውስጥ ያለው ጠባቂ አይተኛም አልኋቸው፤ ኪኒኑ ካላደከመው እርስዎ ሲተኙ እሱ ይጠብቃል፣ ብቻ ፋታ ይሻል። ወደ እኔ ዞረው፣

«እሱም ሰንበት አለው በይኛ» አሉ።

አዎ አልሁ። እሳቸው ሰንበት አይሽሩም።

ዓርብ

ትናንት ቤት ገባን። አዲስ ጠርሙስ፣ ሃያ አምስት ኪኒን። ከዳዊታቸው ጎን አላስቀመጥሁትም፤ አብሮ ይደገማል። ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ሌሊት ተነሥተው ጸለዩ፣ ያለ ኪኒን ተኙ። ጠዋት ውኃው ቀዘቀዘ ብለው ተነጫነጩብኝ። ደኅና ናቸው ማለት ነው። ሱቅ ገባሁ፤ ሁለት ስልክ ሸጥሁ። አንዷ ደንበኛ መልስ ረስታ ልትሄድ ስትል ጠራኋት። ሌላ የሚጻፍ የለም።

እሁድ

ከቅዳሴ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ያዛቸው። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋቸው። አንዲት፣ ከምላስ ሥር። ስልኬን አውጥቼ ሰዓቱን አየሁ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ወደ ጋፋት መንደር የሚሄዱ ሰዎች እግዜር ይማርዎ እያሉ ያልፋሉ። ሦስት። ባይሠራስ? በአራተኛው ትከሻቸው ወረደ።

«ለቀቀኝ» አሉ።

እሺ ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ቤት አደረስኋቸው። ምሳ በላን። ሳህን ሳጥብ እንባዬ መጣ፣ ለእማዬም ለእሳቸውም። አራት ዓመት የት እንደነበረ እንጃ። ሳህኑን አረፋው ውስጥ ትቼ ቁጭ አልሁ። አባዬ ከውስጥ ምን ሆንሽ አሉኝ። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

አሁን ሠርክ ነው። እየጸለዩ ነው። ሳህኖቹ አልታጠቡም። ኪኒኑን ቆጠርሁት፤ ሃያ አራት ነው።