በዕንቁ ነጋዴው ቤት ሰገነት ላይ ስላለው ግማሽ ግድግዳ

ለተከበሩ የደሴቲቱ ጥንታዊ ከተማ ቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ ያደሳችኋቸው ቤቶች ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ መካነ ሰላም ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ቢያልፍም ደኅና ነን። እኔ ጠይባ እባላለሁ፤ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ፣ ገበያ ላይ በርበሬ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ቢያገኙ፣ እኔ በእናንተ መጽሔት ውስጥ ያገኘሁትን ያህል አይሆንምና ይቅር ይበሉኝ።

መጽሔት ያልሁት፣ ያንን የዕንቁ ነጋዴ ቤት ለሚጎበኙ ሰዎች የምታድሉትን ባለሥዕሉን ነው። የጎረቤቴ ልጅ ሀጀራ እዚያው ደሴት ሰው ቤት ትሠራለች፤ እመቤቷ ልጆቿን ልታስጎበኝ ስትሄድ ዕቃ ይዛ ተከትላት ገባችና፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥታ በስልክ ላከችልኝ። ዐረብኛ የሚያስተምሩት ሸህ ሁዜይፋ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጠው ተረጎሙልኝ። ይህንንም ደብዳቤ ወደ ዐረብኛ የሚመልሱት እሳቸው ናቸው፤ "ጠይባ፣ እዚህች ላይ ትንሽ ላለዝባት?" እያሉ አስቸግረውኛል፤ እንዳለች ትሂድ ብያለሁ።

እውነቴን ነው፣ ከመጽሔታችሁ ብዙ ተማርሁ። ድንጋዩ ከባሕር ውስጥ ተፈልጦ የወጣ መሆኑን፣ ክፍሎቹ የጠበቡት ከአፍሪካ ዳርቻ በጀልባ ይመጣ የነበረው የጣሪያ እንጨት ከዚያ በላይ ስለማይረዝም መሆኑን፣ ሰገነቱ ላይ የቆመው ግንብ ነፋሱን ከላይ ይዞ ወደ ታች እንደሚያወርድ፣ ድሮ ባሕሩ የቤቱን ደረጃ ይመታ እንደነበርና አሁን በአፈር ተሞልቶ በእግር ሩብ ሰዓት እንደራቀ፣ ይህን ሁሉ አወቅሁ። እንጨቱ ከየት እንደመጣ እንኳ ሳትረሱ ስለጻፋችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው። የቀረውን በቁጥር ላቅርበው፤ ቢሮ ቁጥር ይወዳል።

1ኛ. ገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ ዕንቁው ሲረክስ ባለጸጎቹ ወደ አዲሱ ከተማ ሄደው ሰፈሩ ሠላሳ ዓመት ሰው እንዳልኖረበት፣ የነጋዴው የልጅ ልጅ የነበሩት አሮጊትም እስኪሞቱ ድረስ በቤቱ ብቻቸውን እንደኖሩ ይናገራል። ታናሽ እህቴ ራሕማ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ዓመት እኒህን ብቻቸውን የኖሩ አሮጊት አጥባለች፣ አጉርሳለች፣ አዝላ ደረጃውን አውጥታለች። ሰው በሌለበት ሰፈር አሮጊት አዝሎ ደረጃ የሚወጣው ምን እንደነበር ባለሙያዎቻችሁ ቢያጠኑልን ደስ ይለናል።

2ኛ. ከግንቡ ሥር ያለችውን ትንሽ ክፍል የተምር ማከማቻ ብላችኋታል። እህቴ የምትተኛው እዚያ ነበር። ስትደውልልኝ ነፋሱ በግንቡ ሲወርድ ከድምፅዋ ጋር ተቀላቅሎ ይሰማኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ስልኬ ጠርቶ መስመሩ ላይ ሽውታ ብቻ ሲኖር ቶሎ አልዘጋውም።

3ኛ. ወደ ግድግዳው ልምጣ፤ የጻፍሁትም ለእርሱ ነው። የተምር ማከማቻው ግድግዳ ላይ ያለው የጭቃ ጥበብ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው የባሕር ሞገድ ሥዕል እንደሆነ፣ ጭቃው ውስጥ የተገኘው የዘንባባ ቅጠልም ምሥጢሩ ያልታወቀ ቅመም እንደሆነ ጽፋችኋል። የተከበሩ ኃላፊ፣ ቅጠሉ ጭድ ስለታጣ የገባ ነው። ሞገድ ያላችሁትን ደግሞ እኛ አገር ግድግዳ የመረገች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ አራት ጣታችንን እየጎተትን ቅስት ቅስት እናወጣበታለን፣ ሁለተኛው ልስን ይዞ እንዳይረግፍ ነው። ለዐይን አይደለም። ሊሸፈን የተሠራ ነው።

በየቅስቱ ከአራቱ መስመር ሦስተኛው መጥፋቱንም አይታችኋል፤ ሊቃውንታችሁ ጠልቀው ላልተመለሱ ዕንቁ ለቃሚዎች መታሰቢያ ነው አሉት። የራሕማ የቀለበት ጣት ልጅ ሳለች ከላላ ወረዳ፣ በአጎታችን ማሳ ላይ በማጭድ እስከ አንጓው ተቆርጧል። ያው ጎዶሎ መስመር እኛ ቤትም አለ፤ ልትሄድ ስትል የመረገችው ጓዳ ነው። እናታችን እቴቴ ሁለተኛው ልስን እንዲገባበት አልፈቀደችም። ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል፤ መዳፏን ታሳርፍበትና "ዛሬ እጇ እርጥብ ነው" ትላለች። እኛም እሺ እንላለን፤ ምን እንላለን?

ስለ መታሰቢያው ግን አልተሳሳታችሁም። ሳታውቁት ልክ ሆናችኋል።

4ኛ. ሥዕሉ ከግድግዳው መሀል ላይ የቆመው ጠቢቡ በትሕትና ሆን ብሎ ስለተወው ነው ብላችኋል። ጭቃ የነካ ሰው ይህን አይጽፍም። የተመረገው ከደረቀ አዲሱ አይጋጠምለትም፤ የጀመረች ሴት ቡና እንኳ ቢጠሯት ሳትጨርስ አትነሣም። ራሕማ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው በመጋቢት 2006 አንድ ሐሙስ ነው። ግድግዳው ጨው እያላበው ፍራሿ ላይ እየረገፈ መተኛት እንዳቃታት፣ ጭቃውን እንዳቦካችው፣ በማግሥቱ ጁምዓ አሮጊቷ ልጃቸው ቤት ሲውሉ እንደምትመርገው እየሳቀች ነገረችኝ። እሑድ ወደ እናንተ አገር የላካት ደላላ ከደሴ ደወለ። ልብሷን ይዛ ጠፍታለች ብለዋል የአሮጊቷ ልጅ፣ አለን። አሥራ አንድ ዓመት አመንነው። የሸሸች ናትና አንድ ቀን ትደውላለች ብለን የሰደቃ ድስት ሳንጥድ፣ ሐዘን ሳንቀመጥ፣ በሩ ሲንኳኳ ሁሉ እየተነሣን ኖርን።

አሁን ግን ፎቶውን አየሁት። ሊጠፋ የተነሣ ሰው የሚተኛበትን ግድግዳ አይመርግም። የመጨረሻው ቅስት ተጀምሮ አልተዘጋም፤ ጣቶቿ እየወረዱ ሳለ ወደ በሩ ታጥፈዋል። አንድ ሰው ጠርቷታል፣ ወይም ገብቶባታል። እጇን ሳትታጠብ ነው የሄደችው።

ስለዚህ በትሕትና እለምናለሁ። የጎደለው ግማሽ በመጪው መስከረም ከውጭ በሚመጡ ባለሙያዎች በጥንታዊው ስልት ይሟላል ብላችኋል፤ እባካችሁ አታሟሉት። መጀመሪያ የዚያን ጁምዓ ነገር የአሮጊቷን ልጅ ጠይቁልን፤ ለመጽሔታችሁ ገጽ አራት ላይ መግቢያ ስለጻፉ አድራሻቸው እንደማይጠፋችሁ አምናለሁ። በሕይወት ካለች ያለችበትን፣ ከሞተች የተቀበረችበትን ንገሩን። እቴቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምን ሆኖ እንደሆነ ሳታውቅ ከሞተች እኔም በሩን መጠበቄን አልተውም።

ስለ ከተማችሁ ዕድሜና ስለ ድንጋዮቿ ክብር እየጸለይሁ፣ ጭቃው በእጇ ላይ ሳይደርቅ የጠፋችባትን እህት የምትፈልግ፣ የምታከብርዎ
ጠይባ፣ ከመካነ ሰላም

ይህን ረስቼ፦ በመጽሔቱ ጀርባ ላይ የጠቢቡን ስም ለሚጠቁም ሰው የቤቱን የዕድሜ ልክ ነጻ መግቢያ እንደምትሸልሙ አይቻለሁ። ስሟ ራሕማ ነው። መግቢያው ይቆየኝ፤ እህቴም በነጻ ነው የገባችው። እኔ የምፈልገው በየት በር እንደወጣች ነው።