ቀዩን አረንጓዴ ላደረጉልን ኃላፊ

ለተከበሩ የፋብሪካችን የዲዛይን ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ከፍንዳታው ድምፅ የተነሣ ጆሮዎን አሞዎት እንደነበር ሰምቼ እጅግ አዝኜ ነበር፤ እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ታላቅ ወንድሜን ከቀበርን ሰባተኛ ሳምንታችን ነው፤ ከዚህ በቀር ደህና ነን።

ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ነው፤ ሦስት ጊዜ ደጅዎ ቆሜ ሦስቴም ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ተነግሮኛልና።

አንደኛ፣ ስለ ቀለም ስላስተማሩኝ ላመሰግንዎ። በክፍልዎ የምሠራ ስሌት ሠሪ እንደመሆኔ፣ የእንፋሎቱን ታንከር በኮምፒውተር ሺህ ጥቃቅን ቁራጭ አድርጌ እያንዳንዷ የምትሸከመውን ጫና አስልቼ ነበር። ብረት በልኩ ቢለጠጥ ጫናው ሲነሣለት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ልኩን ካለፈ ግን አይመለስም፣ እየላላ ሄዶ በአንድ ጊዜ ይገነጠላል። ቧንቧው የሚገባበት አንገት ወደዚያው እየሄደ ስለነበር ጫናውን በቀለም በሚያሳየው የኮምፒውተሩ ሥዕል ላይ ቀይ ሆኖ ወጣ። ዙሪያውን አንድ የብረት ሰሌዳ እንዲበየድበት፣ ለዚሁም ሁለት ቀን ሥራ እንዲቆም ለመንኩ። እርስዎም «ቀዩ ሰው ያስደነግጣል» ብለው የቀለሙን መለኪያ ከፍ እንዳደርገው አዘዙኝ። ቀዩ የሚጀምርበት ቁጥር ሲጨምር አንገቱ አረንጓዴ ሆነ። ብረቱ ግን ይህን አልሰማም።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉን በትልቁ አሳትመው ታንከሩ አጠገብ ስለሰቀሉልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከግርጌው ስሜና ፊርማዬ ነበረበት። ታንከሩን የሚቆጣጠረው ወንድሜ ለባልደረቦቹ «እህቴ ያሰላችው ነው፤ ተደግፋችሁት ብትተኙም አይነካችሁ» እያለ ይኩራራ ነበር። እኔም እየሰማሁ ዝም አልኩ። አንገቱ የተገነጠለ ዕለት ከሥሩ ቆሞ ነበር። ዝምታዬን በእርስዎ አላሳብብም፤ የራሴ ነው፣ አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሣል።

ሦስተኛ፣ የአደጋ ሪፖርትዎ «የሠራተኛ ስህተት፤ ግፊቱን ከተፈቀደው በላይ አሳልፏል» ይላል። የግፊት መመዝገቢያው ወረቀት ቅጂ በእጄ ነው፤ መስመሩ ከተፈቀደው አንዲት ቀን እንኳ አላለፈም። ሌላው ሰው ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያለ ይፈራል፤ እርስዎ ግን ድፍረቱን አላጡም። እናታችን ማንበብ አትችልምና «ልጄ ነው እንዴ ያጠፋው?» ብላ ጠየቀችኝ። እሱ አይደለም አልኳት። «ታዲያ ማነው?» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ልቤ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ የወንድሜን ስም ከጥፋቱ ላይ ያንሡልኝ። ቦታው ባዶ እንዳይሆን የእኔን ይጻፉበት፤ ከጎኑ ለእርስዎም ስፍራ ይተርፋል።

ረጅም ዕድሜና የማይነቃነቅ ወንበር ከልብ እየተመኘሁልዎ፣ እስከ ትናንት ታዛዥዎ የነበርኩት፣ ወንድሜ ፊርማዬን አምኖ የሞተብኝ ስሌት ሠሪ።

ማስታወሻ፦ መንትያው ታንከር ዛሬም እየሠራ ነው፤ በአንገቱ ላይም የተበየደ ነገር የለም። ከጎኑ የነበረውን ቢሮዎን ግን ባለፈው ሳምንት ወደ ማዶው ሕንጻ እንዳዛወሩ ሰማሁ፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ዕቃዎን የጫነው መኪና ገና ካልተመለሰ፣ እባክዎ ታንከሩ ሥር የሚሠሩትን የተረኞቹንም ወንበር ያሻግሩላቸው።