የመስታወቱ ዓሣ ሥራ

ውድ አባዬ፣

ለሥራ የወረድክበት የፖርት ሱዳን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ስልክህ ከመስከረም ወዲህ አይጠራም። ሹፌሩ ዘከሪያ ወደዚያ ይወርዳል ሲሉኝ፣ «ከስልክ ቢያመልጥ ከወረቀት አያመልጥም» ብዬ ይህን ጻፍኩልህ።

መጀመሪያ ክሴን ስማ። በአንተ ምክንያት ክፍል ውስጥ ተዋርጃለሁ። ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ኡስታዝ ሙዳሲር፣ «ከቤታችሁ አንድ ዕቃ አምጡና ስሙንና ሥራውን በእንግሊዝኛ ንገሩን» አለ። ሄርመላ ወንፊት አመጣች፤ ዩኑስ ማጭድ። እኔ ብልጧ ያንተን የመስታወት ዓሣ ታቅፌ ሄድኩ።

«ስሙ?»

«ፊሽ።»

«ሥራው?»

ዓሣውን አገላበጥኩት።

«ወላሂ ይዋኛል በይ!» አለ ዩኑስ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ኡስታዝ «ኦርናመንት» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ቤት የሚያሳምር ዕቃ ማለት ነው አለን። አባዬ፣ እውነቱን እንነጋገር፤ ዓሣህ ሸውራራ ነው። ምንም አሳምሮ አያውቅም። ቃሉ አልገጠመውም።

ያመጣኸው ቀን ትዝ ይልሃል? ከቁረይሻ የሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ የሰው አባት ባልዲና ብርድ ልብስ ይዞ ይገባል። አንተ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ አቅፈህ ገባህ።

«ውሃ በአህያ ጋሪ እየገዛን ዓሣ አመጣህልኝ?» አለች እማዬ።

«አይዞሽ ተናኘ፣ እሱ አይጠጣም!»

ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችህ። ግን እኮ ከመደርደሪያው ላይ ቅመም አንስታ ቦታ የለቀቀችለት እሷው ናት። በየዓመቱ እንዲሁ ነበር፤ አንገቱን ለሚነቀንቀው አሻንጉሊት ግመልም፣ አፏ ላልተበሳው የጌጥ ጀበናም። ስትሳደብም ስትወለውልም እኩል ነው።

አሁን አከራያችን ቤቱን ለዘመዶቹ ፈልጎታል። ኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር፣ አጎቴ ይልቃል ዘንድ ልንገባ ነው፤ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። እማዬ ትናንት ዕቃ ስትለይ ግመሉን ለጎረቤት ልጆች፣ ጀበናዋን ለቡና አጣጯ ለአደይ ለተሃይማኖት ሰጠች። አደይን ታውቃቸው የለ፤ ሲሰጣቸው ሌላ ያምራቸዋል።

«ይሄ ዓሣስ?»

«እሱ አይሰጥም።»

«እንዴ፣ ምን ይሠራልሻል?»

«ይጠብቃል።»

«ቤቱን?»

«ሰውዬውን።»

አደይ ለተሃይማኖት፣ አፋቸው የማያርፈው ሴትዮ፣ ጀበናቸውን ይዘው ተነሡ። እማዬ ዓሣውን በደህናው ነጠላዋ ስትጠቀልል አፍጥጬ ሳያት ጊዜ፣ «ምን ታያለሽ? ድስቱን እጠቢ!» አለችኝ።

ዛሬ ለኡስታዝ፣ «ሥራው መጠበቅ ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ዕቃ አይጠብቅም» ብሎ አረመኝ። የእኛን ቤት ስለማያውቅ አልፈረድኩበትም።

አባዬ፣ እዚህ መጥተህ ብታንኳኳ ሌላ ሰው ይከፍትልሃል፤ እንዳትደነግጥ። ኡም ጋርጉር ና፤ መስኮቱ ላይ ሸውራራ ዓሣ ያለበት ቤት የኛ ነው። እማዬ «ባልዲ ይዞ ይምጣ በይው» ብላለች። እኔ ግን አውቅሃለሁ። ባዶ እጅህንም ቢሆን ናና ይህን ዓሣ ሥራ አስፈታው።

ድስቱን ገና ያላጠበችው ልጅህ፣
ኤልሳ